ልጆቹን ሥራ እንስጣቸው

በታራዴል የምትኖሩ ወላጆች የ14 ዓመት ልጅን እሑድ ጠዋት ቀስቅሶ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ምን ያህል ትግል እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ደርሶስ? ትምህርቱ በአማርኛ ነው፣ እሱ የሚያስበው በእንግሊዝኛ። ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል።

አገር ቤት በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ስብከቱን ረስቶት ይሆናል፤ የሠራውን ግን አይረሳም። መዝሙር የሚያስጠኑት፣ ለጥምቀት ታቦቱ የሚያልፍበትን ምንጣፍ እየጠቀለሉ ሮጠው የሚያነጥፉት፣ አዋጥተው የታመመ የሚጠይቁት ወጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። ያጠፋውንም የሚመክሩት እነርሱው ናቸው።

እዚሁ ጎረቤታችን ማርቲንዴል ያለው የሲኮች ዳሽመሽ ማዕከል፣ ሃይማኖት ሳይጠይቅ ለመጣው ሁሉ በነፃ ምግብ ያቀርባል። በእነርሱ ዘንድ ማስተናገዱና ዕቃ ማጠቡ ራሱ አምልኮ ነው፤ ልጅም ከወላጁ ጎን ቆሞ ይሠራል። (የእኛ ልጅ ትሪ ሲያነሣ ግን «ተው፣ ትደፋዋለህ!» እንላለን።)

እ.ኤ.አ. በ2005 ክርስቲያን ስሚዝና ሜሊንዳ ዴንተን ያሳተሙት የአሜሪካ ወጣቶች ጥናትም፣ በሃይማኖታቸው ላይ ከማንም በላይ ተጽዕኖ ያላቸው ወላጆች መሆናቸውን ያሳያል። እንግዲህ ልጁን በር ላይ አውርዶ ገበያ መሄድ አያዋጣም።

በእኛ በኩል የምንለው፣ ትልልቆቹ ልጆች ታናናሾቻቸውን በእንግሊዝኛም ቢሆን ያስተምሩ፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲቆጠርም ሁለቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብለው ይቁጠሩ። «ገንዘብ እንዴት ለልጅ?» የሚሉ አባቶች አይጠፉም፤ እነርሱ ከጎን ተቀምጠው ይዩ።