ሌሊቱን የማያጠፋ ፍላሽ



በረመዳን ድሬዳዋ የምትደምቀው ማታ ነው። ሙቀቱ በርዶ፣ ተራዊሕ ተሰግዶ ሲያበቃ መጋላም ከዚራም ሰው በሰው ይሆናል። የቤተሰብ ፎቶም የሚነሳው ያኔ ነው። ነገር ግን ፎቶው ሲታይ ፊቱ እንደ ኖራ የነጣ፣ ዓይኑ የቀላ ዘመድ ብቻ ይቀራል፤ ከኋላው ድቅድቅ ጨለማ። ግቢው የት ሄደ? አምፖሉስ?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የፍላሽ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ከፍላሹ 1 ሜትር ላይ የተቀመጡት አያታችን ከሚያገኙት ብርሃን፣ 4 ሜትር ርቆ ላለው ግድግዳ የሚደርሰው 1/16ኛው ብቻ ነው።

መፍትሔው ፍላሹን ረዳት እንጂ አለቃ አለማድረግ ነው። ፍላሽ እጅግ አጭር ብልጭታ ነው። ሸተሩ ለ1/15 ሰከንድ ክፍት ቢቆይ የፍላሹ ብርሃን አይጨምርም፤ የአምፖሉ ግን እየገባ ይከማቻል። ስለዚህ ሸተሩን አዘግዩ፣ አይኤስኦውን 800 ወይም 1600 አድርጉ፣ የፍላሹን ኃይል ቀንሱ። ክርናችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፤ ተነሺውም ለአፍታ አይንቀሳቀስ።

የፍላሹ አናት የሚዞር ከሆነ ወደ ነጭ ኮርኒስ አቅኑት። ብርሃኑ ነጥሮ ሲመለስ ይለሰልሳል፤ የዓይን መቅላትም ይቀራል። አረንጓዴ በተቀባ ግድግዳ ላይ ካነጠራችሁት ግን ሙሽራው ታሞ የተነሳ ይመስላል! አምፖሉ ቢጫ ከሆነ ፈካ ያለ ብርቱካንማ ሴሎፎን ፍላሹ ላይ ማድረግ ሁለቱን ብርሃን ያቀራርባል።

ብርሃን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዓይን እንደሚገባ፣ ሲነጥርም እንዴት እንደሚጓዝ በኪታቡል መናዚር ያብራራው እ.ኤ.አ. በ965 በስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም ነው። ልጆቻችን ካሜራ ሲይዙ ስሙን ቢሰሙ መልካም ነው።

በስልክ የምታነሱ የራሱን ፍላሽ አጥፉት። ሌላ ሰው በስልኩ ባትሪ ነጭ ግድግዳ ያብራላችሁ።

ስለ ፎቶ ብይን ዑለማዎችን ጠይቁ። አደቡን በተመለከተ ግን፣ በሚሰግድ ሰው ፊት ፍላሽ አይብራ፤ ሴቶች ወዳሉበት ክፍልም ያልተፈቀደለት ካሜራ አይግባ።

ዛሬ ማታ የኢፍጣሩን ማዕድ መጀመሪያ ያለ ፍላሽ አንሱት። አምፖሉና ግቢው በደንብ ከታዩ በኋላ፣ ፊቶቹ እስኪለዩ ድረስ ፍላሹን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ።