ድንጋይ አናቀብል

«የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» ይባላል። ተረቱ የሚተረተው ጠብ አበርዳለሁ ብሎ ገብቶ ለሚያባብስ ሰው ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ግን ቃል በቃል ሲፈጸም ይታያል። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው ያገኛሉ። አንዱ ስም አውጥቶ ይጠራዋል፤ ሌላው ጠጠር ይወረውራል። ሲዞርባቸው ይበተናሉ፤ መንገዱን ሲቀጥል ይከተሉታል። በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዘው የተቀመጡ ትልልቅ ሰዎች አይተው ይስቃሉ። ሰውዬው መሮት ያንኑ ድንጋይ አንስቶ መልሶ የወረወረ እንደሆነ ግን «እብዱ ሰው ሊገድል ነው!» ተብሎ ፖሊስ ይጠራል። ማን እንደ ጀመረው የሚጠይቅ የለም።

የጋዜጣችን አቋም ግልጽ ነው። የአእምሮ ሕመም እንደ ማንኛውም ሕመም ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። የታመመን ሰው መሳደብ፣ መደብደብና ማሰር ነውር ነው። ይሁንና ነውር ነው ብሎ መጮህ ብቻውን አንድም ሰንሰለት አይፈታም። ሰንሰለቱ የሚፈታው መድኃኒቱ በቅርብ ጤና ጣቢያ ሲገኝና ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው። ይህን የማሟላት ግዴታ ያለበት አካል ዝም ብሎ ቤተሰቡን ብቻ የሚወቅስ ከሆነ፣ እሱም ድንጋይ አቀባይ ነው።

ፒያሳ ላይ የሚታየው ከማይታየው ይሻላል። በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ ከቤት ጓሮ ወይም ከከብቶች ጋጣ አጠገብ ለዓመታት እግሩ ታስሮ የሚኖር ሰው አለ። የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ ምሰሶው ላይ፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ ብረቱ ሥጋውን እንዳይበላው እናቱ ቡትቶ ጠቅልላበታለች። ያች ጨርቅ ብዙ ትናገራለች። ያሰረችው እናት ጨካኝ ብትሆን ኖሮ ጨርቁን ማን ይጠቀልለው ነበር?

ያ ቤተሰብ ሰንሰለት ላይ የደረሰው ሌላውን በር ሁሉ አንኳኩቶ ነው። ጠበል ወስዶታል፤ ደብተራ አሳይቶታል። በሬ ሸጦ ጎንደር ሆስፒታል አምጥቶት የአንድ ወር ክኒን ይዞ ተመልሷል። ልጁ ትንሽ ቀለል አለው፤ መተኛት ጀመረ፤ እህል ቀመሰ። ክኒኑ ሲያልቅ በቅርቡ ጤና ጣቢያ «መድኃኒቱ የለም» ተባለ። ዳግም ወደ ጎንደር ለመምጣት የሚሸጥ በሬ አልተረፈም፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን የሚዘጋ ሆነ። ሕመሙ ሲያገረሽ ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ የጎረቤት ክምር እንዳያቃጥል፣ በጨለማ ወጥቶ ሰው እንዳይገድለው ሲባል ታሰረ።

ሕጋችንም ይህን እስራት ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለው የገጠር ቀበሌ፣ አንድ ሰው ቤተሰቡ ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቀውና እንዳይንቀሳቀስ የሚያግደው ከሆነ ሕመሙ በግልጽ የታወቀ ሆኖ እንዲቆጠር ይደነግጋል። ሕክምና በሌለበት አገር እገዳው ራሱ የምርመራ ማስረጃ ሆኖ ተጻፈ። ስድሳ ዓመት አልፎም በብዙ ቀበሌ የምርመራው መሣሪያ ያው ሰንሰለት ነው።

የችግሩ ስፋት በገዛ አገራችን ተጠንቶ ታይቷል። በቡታጅራ ዙሪያ ለዓመታት የተካሄደው ጥናት ከጽኑ የአእምሮ ሕሙማን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል። ከቤተሰቦቻቸው ሦስት አራተኛው በቤታቸው በሽተኛ በመኖሩ መገለል እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። እነዚህ ሕሙማን ከሌላው ሕዝብ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለውም ተላላፊ በሽታ ነው። ሌላው ሰው ሲያስለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እነሱ ሲያስላቸው የሚወስዳቸው የለም።

ሌላ መንገድ እንዳለም ተፈትኖ ታይቷል። በጉራጌው ሶዶ ወረዳ የተራ ጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው ሕክምናውን በየአካባቢው መስጠት ጀመሩ። ከሕክምናው በፊት በነበረው ዓመት ከአራት ታማሚ አንዱ ታስሮ ነበር፤ ሕክምናው ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ ይህ ቁጥር ወደ ከአሥር አንድ ገደማ ወረደ። ለዚህ አዲስ ሆስፒታል መሥራት አላስፈለገም። የሠለጠነ ነርስ፣ በወር አንዴ የሚወጋ መርፌና የሚከታተል ሰው ሲገኝ ቤተሰቡ ራሱ ቁልፉን ከፈተ።

ሶዶ የተቻለው ዳባት የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው ሐኪም ወዳልደረሰበት ገጠር የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለመላክ ነው። ዛሬ የሥነ አእምሮ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ዳባት ላይም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጥናት ጣቢያ አለው። መጠይቅ ተሸክሞ የሚሄድበትን መንገድ መድኃኒትም ተሸክሞ ይሂድበት። የክልሉ ጤና ቢሮም እንደ ሀሎፐሪዶልና ፍሉፌናዚን ያሉ ነባር መድኃኒቶች በየጤና ጣቢያው መኖር አለመኖራቸውን እንደ ወባ መድኃኒት ይቆጣጠር፤ ያለቀበትንም ጣቢያ በይፋ ያሳውቅ።

ጊዜው ደግሞ የሚያስጠብቅ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የዳባቷ የጭና መንደር በጦርነት የነዋሪዎቿን ግድያ አይታለች፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰው አንዱ ያህል የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይገምታል። እንግዲህ «የእነ እገሌ ቤት በሽታ» ብለን የምንጠቁመው ነገር የብዙዎቻችንን ደጃፍ አልፎ ገብቷል ማለት ነው።

ስለ እምነትም በግልጽ እንነጋገር። ሕዝባችን ከሆስፒታል በፊት ጠበል ይሄዳል፤ ወደፊትም ይሄዳል። ይህን የመከልከል ሐሳብ የለንም። የምንቃወመው «ክኒኑን ካልጣልክ ጠበሉ አይሠራም» የሚለውን ምክርና በጠበል ስም የሚፈጸመውን ድብደባ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበልና መድኃኒትን ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ሲናገሩ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል። ያንኑ ቃል ዛሬ ለአእምሮ ሕሙማን ከጎንደር አድባራት ብንሰማ ከመቶ ፖስተር ይበልጣል።

ከጎንደር የትናንት ታሪክም የምንማረው አለ። በ1924 ዓ.ም. ክረምት ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እዚሁ ከተማ ተቀምጦ መልካም አየሁ በምትባል ባለዛር ቤት የሚሆነውን ቀን በቀን ጽፏል። ዛር ይመለስ አንልም። ግን በዚያ ቤት የታመመ ሰው ከቡናው ዙሪያ ቦታ ነበረው፤ በስሙ ይጠራል፤ ሲብስበት አጠገቡ ሰው አለ። የዛሬው በሽተኛ ያጣው ይህንኑ ቦታ ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ አለ። መምህራን የፒያሳውን ጠጠር ማስቆም ከክፍል ይጀምሩ። ዕድሮች ለታመመ አባል ቤት የሚያዋጡትን ለመሳፈሪያና ለመድኃኒትም ያዋጡ። ፖሊስ ጎዳና ላይ ባለች ታማሚ ሴት ላይ የሚፈጸም መደፈርን እንደ ማንኛዋም ሴት መደፈር ይመርምር፤ ሕጉ ራሷን መከላከል የማትችልን ሴት በተለይ ይጠብቃል። ከሁሉ በፊት ግን ከራሳችን እንጀምር። «እብድ» የሚለውን ቃል ለመሳለቂያ አትመን እናውቃለን፤ የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስም ስድብ ሲሆንም ከሳቁት ውስጥ ነበርን። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጋዜጣ ገጾች ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ አይወጣም።

«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» የሚለው ተረት የዳነውንም ሰው እንዳናምነው አድርጎናል። ሥራ ሲጠይቅ እንነፍገዋለን፤ ሚስት ሲያጭ ጎረቤት ሹክ ይላል። በማርቆስ ወንጌል ሰንሰለት ይበጥስ የነበረው የጌርጌሴኖን ሰው ግን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀምጦ ተገኝቷል። ልከተልህ ብሎ ሲለምን ጌታ ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ሰደደው። ወንጌሉ በየቤተ ክርስቲያናችን ይነበባል። ከዳባት ጓሮ ሰንሰለቱ ተፈትቶለት ወደ ሰው የሚመለስ ወጣትም ደጃፋችን ላይ የሚያገኘው ጠጠር ሳይሆን የቡና ሲኒ ይሁን።