በጎልፍ ግጥሚያ የማካካሻ ምት ሳይሸራረፍ ይሰጥ

በማች ፕሌይ፣ ማለትም አሸናፊው በየጉድጓዱ በሚለይበት የጎልፍ ግጥሚያ፣ ሃንዲካፕ የችሎታ ልዩነትን በምት ያካክሳል። አከራካሪው የማካካሻው መጠን ነው። የሜዳ ሃንዲካፓቸው 6 እና 16 የሆኑ ሁለት ተጫዋቾች ቢገናኙ ልዩነቱ 10 ነው፤ ባለ 16ቱ በካርዱ ላይ ከ1 እስከ 10 የክብደት ደረጃ በተሰጣቸው ጉድጓዶች አንዳንድ ምት ይቀነስለታል። ቀድሞ በብሪታንያ ይሠራበት የነበረው የሦስት አራተኛ ስሌት ግን 8 ብቻ ይፈቅድለታል።

የዚህ ስሌት ደጋፊዎች ብልጫ ሊሸለም ይገባል ይላሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት ሃንዲካፕን የሚያሰላው ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች የተሻሉትን 8 ወስዶ ነው። የደካማው ተጫዋች ውጤት ይበልጥ ስለሚዋዥቅ፣ የዘወትር ጨዋታው ከሃንዲካፑ ይበልጥ ይርቃል። ስለዚህ የብርቱው ጥቅም አስቀድሞ በስሌቱ ውስጥ አለ፤ ልዩነቱን መሸራረፍ አንዱን ብልጫ ሁለት ጊዜ መሸለም ነው። ሥርዓቱ ለነጠላ ግጥሚያ ሙሉውን ልዩነት መምከሩ ተገቢ ነው።

የምቶቹ ሥርጭትም ሊጤን ይገባል። ዝቅተኛዎቹ የደረጃ ቁጥሮች በመጨረሻ ጉድጓዶች ከተከማቹ፣ ግጥሚያው ቀድሞ ሊያበቃና የተፈቀደው ምት ሳይሠራበት ሊቀር ይችላል። በወረቀት የተሰጠ፣ በሜዳ ያልደረሰ ማካካሻ ደግሞ ፍትሕ አይባልም።