ሸረሪቷን ግደል፣ አጥንቱን ጣል እስከ መቼ?

 

ባለፈው ክረምት ለዚያራ የሄድኩበት ቤት አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። ከአልጋው ሥር ካርቶን ጎትቶ አወጣና ያጠራቀመውን አሳየኝ፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የደረቀ ጢንዚዛ፣ የወፍ አጥንት፣ ከመጽሔት የተቀደደ የዳይኖሰር ሥዕል። ስለ እያንዳንዱ የሚያወራው ነበረው። አባቱ ሲገባ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። "ዛሬም ይህን የፈረንጅ ጨዋታ አልተውክም?" አለና ካርቶኑን ውጭ አውጥቶ ደፋው። ልጁ አላለቀሰም፤ ዝም አለ። እኔን ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ። ነገር ግን በየቤታችን እንዲህ የሚደፋ ካርቶን ብዙ ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያት ይደረደራል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው "ለዲንም ለዱንያም የማይጠቅም ከንቱ ነገር ነው" የሚል ነው። ከንቱ? ከ114ቱ የቁርኣን ሱራዎች መካከል ስድስቱ በእንስሳት ስም የሚጠሩ መሆናቸውን ዘነጋን? አል-በቀራህ (ላም)፣ አል-አንዓም (የቤት እንስሳት) እና አል-ፊል (ዝሆን) የጀርባ አጥንት ያላቸው ናቸው። አን-ነሕል (ንብ)፣ አን-ነምል (ጉንዳን) እና አል-ዐንከቡት (ሸረሪት) ደግሞ የጀርባ አጥንት የሌላቸው ናቸው። አባት በጫማው የሚረግጣት ሸረሪት ስሟ ልጁ በሚቀራው ሱራ ራስ ላይ ተጽፏል። ታዲያ ልጁ ቀርቦ ቢያያት ጥፋቱ ምን ላይ ነው?

በዓለም ላይ ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑት የጀርባ አጥንት የሌላቸው ናቸው። ንቀን የምናልፈው እንግዲህ አብዛኛውን ፍጥረት ነው። ንብን እንውሰድ። አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በጨለማ ውስጥ ትጨፍራለች። የጭፈራዋ አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ አንጻር በየት በኩል እንዳለ፣ የጭፈራዋ ርዝማኔ ደግሞ ምን ያህል እንደሚርቅ ለእኅቶቿ ይነግራል። ይህን የደረሰበት ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሥራው የተጀመረው ንብን ዝም ብሎ ከመመልከት ነው። ማሩን የምንበላ እኛስ ስለ ባለቤቷ ለልጆቻችን ምን ነግረናቸዋል?

ሁለተኛው ምክንያት "የፈረንጅ ጨዋታ ነው" የሚለው ነው። ይህስ ታሪክን አለማወቅ ነው። በ255 ዓመተ ሒጅራ (869 እ.ኤ.አ.) የሞተው የበስራው አል-ጃሒዝ ስለ እንስሳት በሰባት ጥራዝ የጻፈው ፈረንጅ ሆኖ ነውን? በ808 ዓመተ ሒጅራ (1405 እ.ኤ.አ.) የሞቱት የካይሮው ዓሊም አድ-ደሚሪስ እንስሳትን በፊደል ተራ የደረደሩት ከማን ተውሰው ነው? በዘመናችንም በግብፅ የመንሱራ ዩኒቨርሲቲው ሂሻም ሰላምና ተማሪዎቹ በዳኽላ በረሃ ያገኙትን የዳይኖሰር አፅም በ2018 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳውቀዋል። ስሙንም በዩኒቨርሲቲያቸው "መንሱራሳውረስ" ብለውታል። እነዚያም ተማሪዎች አንድ ወቅት ልጆች ነበሩ። ካርቶናቸው ተደፍቶ ቢሆን ኖሮስ?

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ "እምነት ያናጋል" የሚል ነው። ይህን ስጋት አልንቀውም፤ ወላጅ ለልጁ ኢማን ቢሰጋ ተገቢ ነው። ግን መድኃኒቱ ዓይን መጨፈን ነውን? ከካይሮ በደቡብ ምዕራብ፣ በፋዩም በረሃ ዋዲ አል-ሒታን የሚባል ሸለቆ አለ። በዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የዓሣ ነባሪ አፅሞች ተጋድመዋል። ከእነርሱ አንዱ ባሲሎሳውረስ የተባለው ርዝመቱ ከ15 ሜትር ይበልጣል፤ ሆኖም ከኋላው ጉልበትና ጣት ያላቸው፣ ግን ሊያራምዱት የማይችሉ ትንንሽ እግሮች አሉት። በአገራችንም፣ ዛሬ በረሃ በሆነችው በአፋሯ ሐዳር የጉማሬ አጥንት ከመሬት ወጥቷል። ጉማሬ ያለ ውሃ አይኖርም፤ እንግዲህ ያ ምድር አንድ ዘመን ውሃ የሞላው ነበር ማለት ነው።

አጥንቱ አለ፤ በእጅ ይዳሰሳል። ስለ ትርጉሙ መከራከር የሚሻ ተምሮ፣ አይቶና መዝኖ ይከራከር። "የለም" እያሉ መከራከር ግን ዲንን መጠበቅ አይደለም፤ ልጁ ነገ አጥንቱን በዓይኑ ሲያይ ወላጁን ውሸታም ማሰኘት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሶላት ብንነግረው፣ ስለ አማና ብንነግረው በየትኛው ጆሮው ይሰማናል? ልጅ ጥያቄውን አይጥልም፤ የሚጠይቀውን ሰው ይቀይራል። ከቤት በቁጣ ያባረርነው ጥያቄ ውጭ ሌላ መላሽ ያገኛል፤ መላሹን ግን የምንመርጠው እኛ አንሆንም።

ወላጆች ሆይ! ብዙ ገንዘብም ብዙ ዕውቀትም አልተጠየቅንም። ጁሙዓ ከሰዓት ከልጆቻችን ጋር ከአንድ አበባ አጠገብ ቁጭ ብለን ንቧን እንመልከት። የሸረሪቷን እግር እንቁጠር፤ ስምንት ነው፤ የጉንዳኗ ስድስት ነው። "ለምን?" ብለው ሲጠይቁን "አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ" ማለትን እንልመድ። "አላውቅም" ማለት ለቀደምት ዑለማዎቻችን አላሳፈራቸውም፤ እኛን ለምን ያሳፍረናል?

ያ ወንድማችንም ይህን ካነበበ አንድ ነገር ልለምነው። ባዶ ካርቶን ከየሱቁ ይገኛል። አንድ ይውሰድና ለልጁ ይስጠው፤ የመጀመሪያውን የቀንድ አውጣ ቅርፊትም ራሱ ፈልጎ ያስቀምጥለት። የልጁ ዝምታ ሥር ሳይሰድ ይፍጠን።

አላህ ልጆቻችንን አስተዋዮች፣ እኛንም ሰሚዎች ያድርገን። አሚን።