ስለ ትናንሽ ልጆች የቪዲዮ ጌም ሰዓት ከሆጤ ወላጆችና መምህራን የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በደሴ ከተማ በሆጤና በአካባቢው ልጆች የምናሳድግና የምናስተምር ወላጆችና መምህራን፣ 8 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በስልክና በፕሌይስቴሽን ጌም የሚያሳልፉትን ሰዓት በተመለከተ በኅብረታችን ስም ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል። የጌም ሰዓት ገደብ ሊበጅለት ይገባል፤ ገደቡንም ሰፈሩ በጋራ ሊያበጀውና በጋራ ሊያስከብረው ይገባል ብለን እናምናለን።

በጋራ የምንልበት ምክንያት አለን። አንዲት እናት ስልኳን ብትቆልፍ ልጇ ጎረቤት ሄዶ ከጓደኛው ታላቅ ወንድም ጎን ይቀመጣል። ጎረቤት ቢከለክለውም ከትምህርት ቤት መልስ ጌም ቤት አለ፤ ለዳቦ የተሰጠችው ብር እዚያ ትቀራለች። በመጨረሻ የከለከለችው እናት ጨካኝ፣ የፈቀደችው ደግ ተብላ ትቀራለች። ይህ ትክክል አይደለም። ወሎ ውስጥ ለቅሶውንም ድግሱንም በቅሬ ተሸክመን፣ ጠቡንም በአባጋር ሽምግልና አብርደን የኖርን ሰዎች ነን። ልጅ የማሳደጉን ሸክም ለአንዲት እናት ብቻ ጥለን ዞር የምንልበት ምክንያት አይታየንም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት ጨርሶ እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለው ልጅም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ መክሯል። በዚሁ መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት፣ ቢያንስ 3 ሰዓትም በእንቅስቃሴ ማሳለፍ አለበት። ስለዚህ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስልክ በእጁ እንዳይሰጠው፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ቴሌቪዥኑም ጌሙም ተደምሮ ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ ወስነናል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ልጆች ድርጅቱ በሰዓት የተቆረጠ ገደብ አላስቀመጠም፤ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ግን ይጠይቃል። ለእነዚህ ልጆች በትምህርት ቀን ግማሽ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ 1 ሰዓት ይበቃል የሚለው የራሳችን ውሳኔ ነው። ከመኝታ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓትና በማዕድ ላይ ስልክ አይኖርም።

ጌም በራሱ ክፉ ነው አላልንም። ኳስ የሚወድ ልጅ የሚደግፈውን ቡድን ይዞ ፊፋ ላይ ከወንድሙ ጋር ቢጋጠም፣ ጨዋታው ሲያልቅም ተነስቶ ቢሄድ እሰየው ነው። ችግሩ ብዙው የስልክ ጌም እንዳያልቅ ሆኖ መሠራቱ ነው። ብይ የሚጫወት ልጅ ብዩን ሲበላ ይነሳል፤ የሰኞ ማክሰኞም መስመር ሲመሽ አይታይም። በስልክ ግን አንዱ ደረጃ ሲታለፍ ሌላው ይከፈታል፣ ነገ ተመልሶ ለሚገባም የዕለት ሽልማት ይጠብቀዋል። ነጻ የሚባለው ጌም ገቢውን የሚያገኘው ከማስታወቂያና ጌሙ ውስጥ ከሚሸጡ ነገሮች ነው፤ ልጁ በቆየ ቁጥር ባለቤቱ ያተርፋል። አዋቂዎች ተሰብስበው ለማስቆየት ያሰናዱትን ነገር የ5 ዓመት ልጅ በራሱ ፈቃድ ያቁመው ማለት ግፍ ነው። ማቆም ያለበት አዋቂው ነው።

በመሣሪያ መገዳደል ላይ ስለተመሠረቱት እንደ ፑብጂና ፍሪ ፋየር ስላሉ ጌሞች ያለን አቋም ከሰዓት ገደብም ያልፋል፤ ለትናንሽ ልጆች ጨርሶ አይፈቀዱ እንላለን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ 3 እና 4 ዓመት የነበሩት ልጆች ዛሬ በየክፍላችን ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ የሚያንሱት ደግሞ ወሬውን በየቤቱ እየሰሙ አድገዋል። የተኩስ ድምፅ ለእነዚህ ልጆች መዝናኛ ሆኖ እንዲቀርብላቸው ልባችን አይፈቅድም።

ስልክ ሲነጠቅ የሚያለቅሰውን ልጅ ሁሉ ሱሰኛ ማለትም ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት ከጌም ጋር የተያያዘውን ሕመም በበሽታዎች መዝገቡ አስገብቷል፤ መዝገቡም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ነገር ግን ሕመም የሚባለው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅና ኑሮን በግልጽ ሲያናጋ ነው። ትንሽ ልጅ የሚወደው ነገር ሲወሰድበት ማልቀሱ ጤንነት ነው። ጊዜው ሊያልቅ ሲል ቀድሞ ይነገረው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ያለ ዱላና ያለ ስድብ ይዘጋ።

ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ከሌሎች አገሮች አይተናል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓላት ቀን ብቻ፣ በቀን 1 ሰዓት የኦንላይን ጌም እንዲጫወቱ ደነገገች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ላሉት ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ኦንላይን ጌም የሚዘጋ ሕግ አውጥታ ከ10 ዓመት በኋላ ሰርዛዋለች፤ ውሳኔውንም ለቤተሰብ መልሳለች። እኛ እንደ ቻይና ያለ ሕግ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ቅርብ ያለውን ነው። የከተማው አስተዳደር፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቱና ፖሊስ በትምህርት ሰዓት ተማሪ የሚያስገቡ ጌም ቤቶችን በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ካሉ ሌሎች አዋኪ ድርጊቶች ጋር አብረው ይቆጣጠሩ። የጌም ቤት ባለቤቶች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እንጀራቸውን ልንዘጋ አልተነሳንም። ብቻውን የመጣ ትንሽ ልጅ እንዳያስገቡ፣ ዩኒፎርም የለበሰውን በትምህርት ሰዓት እንዲመልሱ እንለምናቸዋለን።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጁ ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ የት ይሂድ የሚለው ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ለጥ ያለ ሜዳ ውድ ነው፣ የቀረውም እየታጠረ ነው። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናቡና ጉሙ ልጆቹን ቤት ያውላቸዋል፤ የጌም ሰዓት የሚበዛውም ያኔ ነው። ሕፃናት የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ይደነግጋል። ይህ መብት መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ የትምህርት ቤቶች ግቢ ቅዳሜና በክረምት ወራት በመምህርና በወላጅ ተራ ጥበቃ ለሰፈሩ ልጆች ክፍት ይሁን፤ ለጥበቃው ተራ አባሎቻችንን እኛ እንመድባለን። አስተዳደሩም በሆጤ የቀረውን ክፍት ቦታ ለልጆች መጫወቻ ለይቶ ያስከብርልን።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን የሚያዩት እኛን ነው፤ እራት ላይ ስልካችንን እናስቀምጥ። ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ያላችሁ የሰዓት ገደቡን ከማሽኑ ላይ ሙሉት፤ ስልክ ላይ የማታውቁበት ካላችሁ መምህራኖቻችንን ጠይቁ። የቅሬ ዳኞች፣ የመስጊድ ኢማሞችና የደብር አባቶች ይህን መግለጫ በየስብሰባችሁ እንድታነቡልን፣ የኮምቦልቻ ወላጆችም በየሰፈራችሁ ተመካክራችሁ የራሳችሁን ገደብ እንድታወጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።