ለሁለት የተከፈለ ደብተር

የብዙዎቻችን የእንግሊዝኛ ትምህርት የጀመረው ደብተር መሃል ላይ በተሰመረች አንዲት መስመር ነው። በስተግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በስተቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ማታ ይሸመደዳል፣ ጠዋት መምህሩ ይጠይቃል፣ ሃያውንም ቃል የመለሰ ጎበዝ ይባላል። እኔም በዚህ መንገድ ጎበዝ ተብያለሁ። ዛሬ ደብተሩ ወደ ቴሌግራምና ወደ ቲክቶክ ተዛወረ እንጂ መስመሯ አልጠፋችም፤ «በቀን 10 ቃል» የሚባለው ዘዴ ያው የድሮው ነው። ይህ ልማድ ቃል የሚያስተምር ይመስላል እንጂ አያስተምርም።

ነገሩን በራሳችን ቋንቋ እንየው። አንድ የውጭ አገር ሰው «ጣለ» ማለት «ወረወረ» ማለት ነው ብሎ ጽፎ ቢመጣ፣ ጎረቤት ድንኳን ጣለ ሲባል ሰውየው ድንኳኑን ወርውሮት የሄደ ይመስለዋል። ዝናብ ጣለ፣ ዶሮዋ እንቁላል ጣለች፣ ዕቁብ ጣልኩ፣ መንግሥት ግብር ጣለ፣ እናት ተስፋዋን በልጇ ላይ ጣለች። ይህን ሁሉ ማንም ዘርዝሮ አላስጠናንም፤ ቃሉን ከነባልንጀሮቹ እየሰማን አደግን። እንግሊዝኛውም ከዚህ አይለይም። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ቻርልስ ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 «ቤዚክ ኢንግሊሽ» ብሎ ቋንቋውን በ850 ቃላት ሲያጠቃልል ግሦቹን ወደ 18 አወረዳቸው። ያቃለለ ይመስላል። ነገር ግን «ፑት»ን፣ «አፕ»ን እና «ዊዝ»ን ለየብቻ ያጠና ሰው፣ ሦስቱ ሲገጥሙ «መታገሥ» እንደሚሆኑ ከየት ያመጣዋል? ቃሉ አነሰ እንጂ የሚጠናው ነገር አላነሰም።

ከዚያ ደብተር የሚወጣው እንግሊዝኛ አጥንቱ አማርኛ ነው። ስለ ጉዳዩ ተወያየን ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ግን «አባውት»ን እዚያ ቦታ አይፈልጋትም። ከእሱ ጋር ተጋባች ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ»፣ ቴሌቪዥን ክፈት ስለምንል «ኦፕን ዘ ቲቪ» ይሆናል። ሰዋስውም ከዚህ አላመለጠም። ተማሪው «ሀቭ ሲደመር ቪ ስሪ» የሚለውን ቀመር በቃሉ ይወጣዋል፤ «ሀቭ ሲን» ማለትም «አይቻለሁ» ማለት ነው ተብሏል። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ምንም ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን «ሀቭ ሲን» ከ«የስተርደይ» ጋር አይሄድም። ይህን ቀመሩም ፍቺውም አልነገሩትም፤ ይሳሳታል፣ ከዚያም ሰነፍ ይባላል።

ስህተቱ በአነጋገር ብቻ ቢቀር ባልተቆጣሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎ አጸናው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይጋፈጣል፤ ይዞ የሚገባውም ያንን ደብተር ነው። «ፎርስ» ኃይል፣ «ፓወር» ኃይል፣ «ኢነርጂ» ኃይል። «ማስ» ክብደት፣ «ዌይት» ክብደት። መጽሐፉ፣ የአንድ ዕቃ «ማስ» ጨረቃ ላይ አይለወጥም፣ «ዌይቱ» ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል ይለዋል። ልጁ በፍቺው ሲያነበው ምን ያገኛል? ክብደቱ አይለወጥም፣ ክብደቱ ግን ይቀንሳል። ከዚህ በኋላ ያለው አማራጭ ሳይገባው መሸምደድ ነው፤ ሸመደደ ብለን የምንወቅሰውም እኛው ነን።

መምህራንን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በታጨቀ ክፍል ውስጥ ዝርዝር ማስጠናት ይቀላል፣ ማረሙም ይቀላል። ለጀማሪም ውሃንና ወንበርን በአንድ ፍቺ መያዝ አይጎዳውም። ጥፋቱ ከወንበር ያለፈውን ሁሉ በወንበር መንገድ ማስተማር ነው።

ሌላ መንገድ ደግሞ አልጠፋም። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ጀርመን ቪስባደን ያሳተሙት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ከ1,500 ገጽ በላይ አለው። ርዕሱ ላይ «ዐውዳዊ» ብለው ጽፈውበታል፤ ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። አማርኛው እንደየቦታው ሲለዋወጥ አንባቢው በዓይኑ ያያል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል፤ እኛ አሁንም መስመር እናሰምራለን።

ሃያው ቃል አምስት ይሁን። በስተቀኝ ያለው ዓምድ ላይ ከፍቺው ይልቅ ልጁ ያነበበውና ራሱ የሠራው ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። ጠዋትም መምህሩ «ምን ማለት ነው?» ከማለቱ በፊት «ከምን ጋር አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቀው።