ድንጋይ ያዘለ ውኃ

«ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ያሉት አባቶቻችን የድሬዳዋን ውኃ የቀመሱ አይመስለኝም። ይህን ውኃ መውቀጥ እንኳ አያስፈልግም፤ ማፍላት ብቻ ይበቃል። ማንቆርቆሪያው ሥር ነጭ ዱቄት ይተኛል፤ ዱቄቱ ይጋገራል፤ ውሎ አድሮ ቅርፊት ይሆናል። እኔ በምኖርበት በሳቢያን ሰፈር ይህን ቅርፊት በማንኪያ እጀታ መፈቅፈቅ ከቤት ሥራዎች አንዱ ነው። የኬሚስትሪ መምህራን «ጠንካራ ውኃ» ይሉታል፤ ጎረቤቶቼ ግን በአጭሩ «ካልሲየም» ይሉታል፣ የአንድ ክፉ የሰፈር ሰው ስም የሚጠሩ ያህል።

ይህ ድንጋይ ከየት መጣ? ውድ አንባቢ ሆይ፣ ከከተማይቱ በስተደቡብ የተገተሩትን ተራሮች ተመልከት። በሐረር ደጋ የሚወርደው ዝናብ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ በመጠኑም አሲዳም ይሆናል። ከዚያ በዕድሜ ጠገቡ የኖራ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ እየተንፏቀቀ ድንጋዩን ያሟሟዋል። ከጉድጓዶቻችን ተስቦ ቧንቧችን የሚደርሰው ይኸው ውኃ ነው። እሳት ሲያገኘው ጋዙ ያመልጣል፤ ድንጋዩም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣልያን ወረራ ዘመን እዚሁ ከተማ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ፋብሪካው ከተራራ የሚፈልጠውን እኛ በጀበና እናፈላዋለን።

እዚህ ላይ ከሰፈሬ ሰው ጋር የምለያይበት አሳብ አለኝ። ሰፈሬ ይህን ውኃ የሚከስሰው በኩላሊት ጠጠር ነው። ክሱ ለጆሮ ይጥማል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጠጠር የሠራ ውኃ ኩላሊት ውስጥ ከመሥራት ምን ይከለክለዋል? ነገር ግን ኩላሊት ማንቆርቆሪያ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ለውኃ ጥንካሬ ጤናን መሠረት ያደረገ ጣሪያ አላስቀመጠም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየምም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ናቸው። ይልቅስ ለጠጠር ከሚያጋልጡት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ውኃ አሳንሶ መጠጣት ነው፤ ያውም እንደ ድሬ ባለ፣ ሰውን በላብ በሚያጠምቅ ቆላ።

በጓሮ የሚዋሰኑኝ አንዲት እናት አሉ። ለኩላሊታቸው ሠግተው የቧንቧ ውኃ መጠጣት ከተዉ ቆዩ። የታሸገ ውኃ በየቀኑ ለመግዛት አቅማቸው አይፈቅድም። ስለዚህ ሲጠማቸው አንድ ለስላሳ ያስመጣሉ፤ ካልሆነም ጥማቸውን ችለው ይውላሉ። ከጠንካራው ሸሽቶ ወደ ለስላሳው! ቋንቋችን ራሱ ያላገጠባቸው ይመስለኛል። «እማማ፣ ኧረ ይጠጡ» ስላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ የምትሠራው ባንክ ቤት ነው ወይስ ሆስፒታል?» ይሉኛል።

እንደ እኔ ከሆነ ውኃው ሊከሰስ የሚገባው በማጀት ውስጥ በሚሠራው ነው። ሳሙና በዚህ ውኃ በቀላሉ አረፋ አይሰጥም፤ ካልሲየሙ ሳሙናውን ይዞት ዝቃጭ ይሆናል፤ ነጭ ልብስም እያደር አመድማ ይመስላል። ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም፤ ካልሲየም የእህሉን ግድግዳ አጠንክሮ ይይዘዋልና። ከሰሉ ያልቃል፣ ንፍሮው ገና ነው። የቧንቧው ጉሮሮም ከዓመት ዓመት ይጠባል።

በመደመርና በመቀነስ የምተዳደር ሰው ነኝና፣ በወር መጨረሻ የሚመጣው የውኃ ሒሳብ ሙሉ ሒሳብ ሆኖ አይታየኝም። ተጨማሪው ሳሙና፣ ተጨማሪው ከሰል፣ የተቃጠለው ማሞቂያ፣ የልብስ አጣቢዋ ክንድ ድካም በየትኛው ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ያውቃል? አቅም ያለው ማለስለሻ መሣሪያ ያስገጥማል። የእኛም መሥሪያ ቤት ባለ 20 ሊትር የታሸገ ውኃ አቁሞ ተገላግሏል። ስለ ውኃው ቢናገር የሚሰማለት ሰው ውኃውን አይጠጣውም፤ የምትጠጣውና የምታጥብበት ደግሞ የምትናገርበት መድረክ የላትም።

ማለስለስ አዲስ ጥበብ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ክላርክ ውኃ ላይ ኖራ ጨምሮ ኖራውን የማውጣትን ዘዴ በ1841 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቧል። ለአንድ ከተማ ሲታሰብ ወጪው ቀላል ነው አልልም፤ ነገ ይደረግ ብዬም አልሞግትም። የምጠይቀው ቁጥሩን ነው። በአንድ ሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ሲሆን «በጣም ጠንካራ» የሚባለው የኛው ሰፈር ላይ ስንት ነው? ደግሞስ ዓይናችን በነጩ ቅርፊት ላይ ተተክሎ ሳለ፣ ናይትሬትን የመሰለው፣ ቀለምም ጣዕምም የሌለው፣ ማፍላትም የማያስወግደው ነገር ምን ያህል ነው? የምርመራው ውጤት በየወሩ ከሒሳቡ ወረቀት ጀርባ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ቢታተም ስንት ቀለም ይፈጃል?

ወረቀቱ በመጣ ቀን መጀመሪያ የማነብላቸው ለእማማ ነው። እስከዚያው ግን ማንቆርቆሪያ ለጋገረበት ሁሉ፦ የሎሚ ጭማቂ በጥቂት ውኃ በጥብጦ ሌሊቱን ማሳደር ነው። ቅርፊቱ እየተፍለቀለቀ ይለቃል።